ልብሰ ኀፂን፦ የመኪና ቀለም በደጋ አገር

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከባሕር ማዶ የመጡትን የእጅ ጥበበኞችና ሚስዮናውያን፣ እነ ዋልድማየርን፣ እነ ዛልሙለርን፣ እነ ሞሪትዝ ሃልን በአንድ መንደር አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እንዳሠሩ፣ ታሪክ አንብቦ የማያውቅ እንኳ ከአባቶቹ ሰምቶታል። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሠረገላ ተጭኖ ከደብረ ታቦር ሲነሣ፣ ገደሉ እየተናደ፣ ቋጥኙ እየተፈለጠ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ መንገዱ ከመንኰራኵሩ ፊት ፊት እየተሠራ ሄዶ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ስለዚህ በዚህ በጎንደር ደጋ መንኰራኵርና ድንጋይ መጋጨት የጀመሩት አውቶሞቢል የሚባል ነገር በዓለም ከመፈጠሩ በፊት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። ከ150 በላይ ክረምት ዝናቡ ወርዶበት፣ በጋው አግሎት፣ ውርጩ አቀዝቅዞት፣ ቀለም የቀባው ሳይኖር ቅርጹን እንደ ያዘ ኖሯል፤ ለዚህም ምክንያቱ የነሐስ ባሕርይ ነው። ነሐስ ሲያረጅ ከላዩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ስስ ገጽ ያወጣል፤ ይህም ገጽ ከታች ካለው ነሐስ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ውሃና አየር ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ ራሱ ዘብ ይሆናል። ብረት ግን እንዲህ ያለ ጸጋ አልተሰጠውም። የብረት ዝገት ልልና ቀዳዳ የበዛበት፣ እየተነሣ የሚላላጥ ስለሆነ፣ አንዱ ንብርብር ሲረግፍ ለሚቀጥለው በር ይከፍታል፤ እንዲህ እያለም ላሜራው እስኪያልቅ ድረስ ይሄዳል። ከብረት ላሜራ የተሠራ ሁሉ ዕድሜው የሚለካው በለበሰው ልብስ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው፤ የመኪና ልብሱም ቀለሙ ነው።

ምናልባት አንባቢ፣ ይህ የባለጸጎች ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን ይል ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን መኪና እንደ ሌላው ዓለም በጥቂት ዓመት የሚለወጥ ዕቃ ሳይሆን፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከባለቤት ወደ ባለቤት እየተላለፈ ብዙ ዘመን የሚኖር ሀብት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ የሚከፈለውን ግብር እጅግ ከፍ ካደረገ፣ ቀጥሎም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማኖር የቅንጦት ሳይሆን የንብረት ጉዳይ ሆኗል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ ሞተራቸው ተለወጠ እንጂ ጠጠርና አቧራ ሲያገኛቸው ከቀደሙት የሚለዩበት ነገር የለም።

ቀለም ስንል ዐይን የሚያየው አንድ ነገር ይመስላል እንጂ፣ በእውነቱ አራትና አምስት ንብርብር ነው። በፋብሪካ ውስጥ የመኪናው አካል፣ ሞተርም ወንበርም ሳይገባበት ገና ራቁቱን ሳለ፣ በመጀመሪያ ታጥቦ ፎስፌት በሚባል ውሁድ ይነከራል፤ ቀጥሎ የቀለም ባሕር በሞላበት ትልቅ ገንዳ ውስጥ ጠልቆ በኤሌክትሪክ ኀይል ቀለሙ በየስርጓጉጡ ሁሉ እንዲጣበቅ ይደረጋል፤ ከዚያም 160 እና ከዚያ በላይ ዲግሪ በሚግል ምድጃ ይጋገራል። በዚህ ላይ መደብ፣ በመደቡ ላይ ኅብሩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም ብርጭቆ መሳይ ግልጽ ቫርኒሽ ይረጫል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን፣ ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ስድስተኛ የማይሞላ ነው፤ መኪናውን የሚያንጸባርቀውና ከፀሓይ የሚጠብቀው የላይኛው ግልጽ ንብርብርማ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ስለሆነ ከአንድ የራስ ጠጕር ይቀጥናል።

በብዙዎቹ መኪኖች ደግሞ ከዚህ ሁሉ በታች፣ ላሜራው ራሱ በዚንክ የተለበጠ ነው። የዚንክ ሥራ ከቀለም ሥራ የተለየ ነው። ቀለም ብረቱን ከውሃ ይጋርደዋል፤ ዚንክ ግን ቀለሙ ተፍቆ ውሃ በገባ ጊዜ፣ ብረቱ ከመበላቱ በፊት ራሱ ቀድሞ ይበላል፤ በአባቶች ቋንቋ ለመናገር ለብረቱ ቤዛ ይሆነዋል። ይህን ጥበብ እንግሊዛዊው ሊቅ ሀምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የመርከብ መዳብ በባሕር ውሃ እንዳይበላ ሲመራመር አግኝቶት ነበር። ቤዛው ግን ስስ ስለሆነ ያልቃል፤ ጭረቱ ሰፊ በሆነ መጠንም ቶሎ ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የፋብሪካው ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው። መኪናው ተገጣጥሞ፣ ፕላስቲኩ፣ ሽቦው፣ ጎማው ሁሉ ከገባበት በኋላ ዳግመኛ ወደዚያ ገንዳ ሊነከር፣ ወደዚያም ምድጃ ሊገባ አይችልም። ጋራዥ የሚረጨው ቀለም፣ ቀለም ቀቢው የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን፣ ስቱኮውም የቱንም ያህል ለስልሶ ቢፈገፈግ፣ የሚደርቀው በነፋስ ወይም በ60 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ያህል ሊጠነክር አይችልም። መኪና ገዢም ይህን ስለሚያውቅ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ በበሩ ጠርዝ ጎንበስ ብሎ፣ ቀለሙ የራሱ ነው ወይስ የተቀባ ነው ሲል ይመረምራል። ስለዚህ ሁሉ፣ ዳግመኛ ከመቀባት ይልቅ የመጀመሪያውን መጠበቅ ይበልጣል።

የውጭ አገር ሰዎች ስለ መኪና ቀለም ሲጽፉ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ጠላት ጨው ነው፤ እውነታቸውንም ነው፤ በበረዶ አገር ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶው እንዲቀልጥ ጨው በመንገድ ላይ ስለሚበተን፣ ጨዋማው ጭቃ ከመኪናው በታች ተለጥፎ ብረቱን ይበላዋል። ጨው የሚጐዳው ራሱ ብረት የሚበላ ሆኖ አይደለም፤ ዝገት በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ሥራ ነውና፣ ጨው የገባበት ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ሥራውን ያፋጥነዋል፤ ከዚህም በላይ የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲበልጥ ጨው ከነፋሱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ራሱን ያረጥባል። በእኛ አገር መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። ጥንት አሞሌ ሆኖ ከአፋር በረሓ በግመልና በበቅሎ ወደ በጌምድር ገበያ ሲወጣ የነበረው ጨው፣ ዛሬ ከአፍዴራ በከባድ መኪና ይወጣል፤ እርሱን የሚያመላልሱት መኪኖች የጭነት ሣጥናቸው ምን ያህል ቶሎ እንደሚበላ ሾፌሮቹ ያውቁታል። የቤት መኪናን ግን ጨው የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በመርከብ ተጕዞ በጂቡቲ ወደብ ጨዋማ ነፋስ ውስጥ በቆመ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛውና የከፋው፣ በአውሮፓ በረዶ ላይ ብዙ ክረምት አሳልፎ ወደ እኛ የመጣ እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ከላይ ሲያዩት እንደ ሙሽራ የተዋበ ሊሆን ይችላል፤ ከመግዛት በፊት ግን በጋራዥ አስነሥቶ ከሥሩ ማየት፣ በተለይም የፓራፋንጎውን ውስጥና የበሮቹን ሥር በጣት መነካካት ይገባል።

በደጋው መኪናን የሚያገኙት ጠላቶች ሌሎች ናቸው። ከወረታ ተነሥቶ፣ ሩዝ የሚዘራበትን የፎገራን ሜዳ ትቶ፣ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና፣ ከ1,800 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ በጉና ተራራ ጥግ አልፎ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚወርደው፣ ቻይናውያን የሠሩት ታላቅ መንገድ፣ ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ብቻ ነበረ። ዛሬ ዋናው መንገድ አስፋልት ቢለብስም፣ ወደየወረዳውና ወደየቀበሌው የሚገነጠለው አሁንም ኮረኮንች ነው፤ አስፋልቱም ቢሆን ከየዳሩ በጎማ የሚጐተት ጠጠር አያጣም። ያ ጠጠር ከባሳልት ድንጋይ የተፈለጠ ስለሆነ ጠርዙ ስለት ነው። ከፊት የሚሄድ አይሱዙ በጎማው አንሥቶ ሲወረውረው፣ የሚመታን በራሱ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የእኛም ፍጥነት ተጨምሮበት ነው፤ የምቱም ኀይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ የሚገናኙበት ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የምቱ ኀይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ከዚህ የተነሣ ኮፋኖንና ፓራውልትን ከሚጠብቁት ነገሮች ሁሉ ርካሹ፣ እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሣትና ከፊት ከሚሄደው ራቅ ማለት ነው። በጭቃ ጊዜ ደግሞ የፎገራ ጥቁር መሬት በፓራፋንጎው ውስጥ ተጣብቆ ውሃ አዝሎ ይቀመጣል፤ ከላይ ያለው ቀለም ደርቆ እየበራ፣ ከውስጥ ያለው ላሜራ ግን እርጥብ ጭቃ ታቅፎ ሳምንታት ያሳልፋል።

ፀሓዩም በከፍታ ላይ ይበረታል። አልትራቫዮሌት የሚባለው ለዐይን የማይታየው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በደብረ ታቦር የቆመ መኪና በባሕር ዳርቻ ከቆመው ሩብ ያህል የበለጠ ይቀበላል። ግልጹ ቫርኒሽ ይህን ጨረር የሚውጥ ንጥረ ነገር ተቀምሞበታል፤ ቫርኒሹ በሳሳ ጊዜ ግን ከሥሩ ያለው ኅብር ይደበዝዛል፤ ጣሪያውና ኮፋኖው ቀድመው መንጣታቸውና መላጣቸውም ስለዚህ ነው። የጣና ገዳማት አባቶች የቤተ መቅደሱን ሥዕል በመጋረጃ ጋርደው፣ በጸሎትና በጉብኝት ጊዜ ካልሆነ አይገልጡትም፤ መጋረጃውም ኅብሩን ከሚያደበዝዝ ብርሃን ይጠብቀዋል። ለመኪናም ጥላ ከሁሉ ይሻላል፤ ነገር ግን ጥላው የዛፍ ጥላ እንዳይሆን ነው። በባሕር ዛፍ ሥር ያቆሙት መኪና ማታ ላይ የወፍ ኩስ ለብሶ ይገኛል፤ ኩስ ደግሞ አሲድነት አለው፤ በፀሓይ ሲግል ቫርኒሹ ስለሚለሰልስ፣ ሲበርድም ስለሚኰማተር፣ ኩሱ ከመካከል ተጣብቆ የማይጠፋ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። በውሃ ረጥቦ ሳይውል ሳያድር መነሣት አለበት፤ ግን መነሣት እንጂ መፈተግ የለበትም።

ወደ ፍትጊያ መምጣቴ ነው፤ ምክንያቱም፣ በእኔ ሐሳብ፣ በአገራችን ከጠጠርም ከፀሓይም ይልቅ የመኪናን ቀለም የሚያጠፋው የሚወልውለው እጅ ነው።

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ አቧራ መኪናውን ይጋርደዋል። አቧራ ለስላሳ ይመስላል፤ ነገር ግን የዚህ ደጋ አቧራ ከባሳልት አለት የተፈጨ ነውና፣ በውስጡ ያሉት እንደ ፌልድስፓር ያሉ ማዕድናት የቢላዋን ብረት ሊጭሩ የሚችሉ ናቸው፤ የመኪናው ግልጽ ቫርኒሽ ከቢላዋ ብረት እጅግ የላላ መሆኑን ሳንዘነጋ ማለት ነው። ባለመኪናው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወይም ከቢሮው ወርዶ መኪናው አቧራ ለብሶ ሲያገኘው ያፍራል፤ አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ልወልውልልዎ?» ይላል፤ «በል ቶሎ» ይባላል፤ ደረቅ ጨርቅ በደረቅ አቧራ ላይ በክብ በክብ ይሄዳል። መኪናው በርቶ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። በማግስቱ ፀሓይ ሲያርፍበት ግን በጥቁሩ ቀለም ላይ ቀጫጭን ክብ ጭረቶች ይታያሉ፤ በየቀኑ እየተወለወለ በሄደ ቁጥር ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ሕፃናት በኋላ መስተዋቱና በዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ በጣታቸው «እጠቡኝ» ብለው የሚጽፉትም እንዲሁ ነው፤ አቧራው ታጥቦ ከሄደ በኋላ ጽሕፈቱ በቫርኒሹ ላይ ይቀራል። ልጆቹን ከመቈጣት ይልቅ ምክራቸውን መስማት ሳይሻል አይቀርም።

ውሃ ከሌለ አቧራውን እንዳለ መተው ነው። አቧራ በራሱ ተቀምጦ ሳለ ምንም አያደርግም፤ የሚጭረው ሲገፉት ነው። ውሃ ካለ ደግሞ ሥርዐቱ እንዲህ ነው፤ መኪናው በጥላ ቆሞ ላሜራው ሲበርድ፣ ጨርቅ ሳይነካው በፊት ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ብዙ ውሃ እንዲወርድበት ይደረጋል፤ አብዛኛው አቧራና አሸዋ በዚህ ብቻ ይሄዳል። ከዚያ ሁለት ባልዲ ይዘጋጃል፤ አንዱ ሳሙናው ያለበት፣ ሁለተኛው ንጹሕ ውሃ ብቻ። የሚታጠብበት ለስላሳ ጨርቅ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት ሁልጊዜ በንጹሑ ውሃ ይለቀለቃል፤ አለዚያ ከበሩ ሥር የተነሣው አሸዋ በኮፋኖው ላይ ይዞራል። ቸርኬው የራሱ ጨርቅ አለው፤ ከፍሬን የሚረግፈው የብረት ብናኝ ያለበት ጨርቅ ወደ ቀለሙ ፈጽሞ መድረስ የለበትም። ሳሙናው ለመኪና የተሠራ ቢሆን መልካም ነው፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ኀይሉ ለቅባት ልብስ የተመጠነ ስለሆነ በመኪናው ላይ ያለውን ሰም ሁሉ ጠራርጎ ይወስደዋል። በመጨረሻ ውሃው በራሱ እንዲደርቅ አይተውም፤ በውስጡ ያለው ኖራና ማዕድን በነጠብጣብ ይቀራልና፣ በፎጣ እየተጫነ ይነሣል እንጂ አይፈተግም።

ብዙዎቹ የላቫጆ ቤቶች ይህን አያደርጉም፤ የሚያደርጉም አሉ። በአንድ ባልዲ ስድስት መኪና የሚያጥቡ፣ መሬት የወደቀውን ስፖንጅ አንሥተው የሚቀጥሉ፣ ከሥር ለማሳመር ናፍጣ የሚረጩ አሉ፤ ናፍጣው ላንድ ቀን ያብረቀርቃል፣ ከዚያ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ወደ ራሱ ይሰበስባል፣ ጎማና ላስቲክንም ያላላል። በአጣቢዎቹ ልጆች ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ደንበኛው ሁሉ በሩብ ሰዓት አልቆ እንዲሰጠው የሚጮኽ ከሆነ፣ ልጁ ሁለተኛውን ባልዲ የሚያቀርብበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

የጥር ሰርግ ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ነው። አቧራው የሚበረታበት፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሓዩ የሚከርበት ወር፣ የከተማው ያማሩ መኪኖች ሁሉ የሚወጡበትም ወር ነው። አበባውና ጥብጣቡ በፕላስተር በኮፋኖው ላይ ይለጠፋል፤ ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ በፀሓይ ሲበስል ማጣበቂያው ወደ ቫርኒሹ ይገባል፤ በተለይ መኪናው በጋራዥ ዳግመኛ የተቀባ ከሆነ፣ ማታ ሲነቀል ቀለሙን ይዞ የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው። ሚዜዎች በኮፋኖው ላይ ተደግፈው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ የቀበቷቸው ዘለበት፣ የእጃቸው ቀለበት፣ የሱሪ ኪሳቸው ቁልፍ ሥራውን ይሠራል። ሠርገኛን «ተነሡ» ማለት አሳፋሪ ስለሆነ ባለመኪናው ጥርሱን ነክሶ ይቆማል። ጥብጣቡን በስፖኪዮውና በበሮቹ እጀታ ላይ በማሰር ብቻ ማስዋብ ይቻላል፤ አበባውንም በቀጥታ በቀለሙ ላይ ሳይሆን ለስላሳ ጨርቅ አንጥፎ ማሰር ይሻላል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ያሉ ጋራዦች ለውድ መኪኖች ሁለት አዲስ ልብስ ያቀርባሉ። አንደኛው ግልጽ ፊልም ነው፤ ከፖሊዩሬቴን የሚሠራ፣ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚወፍር፣ በመጀመሪያ አሜሪካኖች በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሄሊኮፕተራቸው ተሽከርካሪ ክንፍ በአሸዋ እንዳይበላ የለጠፉበት ነገር ነው። ይህ ፊልም ከመላው የፋብሪካ ቀለም ስለሚወፍርና እንደ ላስቲክ ስለሚሳብ የጠጠርን ምት በእውነት ይቀበላል፤ ጥሩው ዐይነት ቀላል ጭረት ሲያገኘው በፀሓይ ሙቀት ራሱን ይጠግናል። ሁለተኛው ሴራሚክ የሚሉት፣ ከሲሊካ የሚቀመም ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ ጥቂት ማይክሮን ብቻ የሚሆን ብርጭቆ መሳይ ሽፋን ይሆናል፤ ውሃና ጭቃ እንዳይጣበቅ፣ እጥበቱም እንዲቀል ያደርጋል። ሻጮች አንዳንድ ጊዜ ሁለተኛውን የመጀመሪያውን ሥራ እንደሚሠራ አድርገው ያወራሉ፤ በጠጠር ፊት ግን ሴራሚክ ምንም አይደለም። ገንዘብ ላለው ሰው የምመክረው፣ መላ መኪናውን ከማስለበስ ይልቅ ፊልሙን በፓራውልቱ፣ በኮፋኖው ፊት፣ በስፖኪዮዎቹ ጀርባና ከኋላ ጎማ ፊት ባለው የጎን ሥር ብቻ ማስለጠፍ ነው፤ ጠጠር የሚያርፈው በእነዚህ ቦታዎች ነውና። ገንዘብ ለሌለው ደግሞ ጥሩ ሰም በየሁለትና ሦስት ወሩ ይበቃዋል። ጭረት ይጠፋል ተብሎ በየጊዜው በመፈግፈጊያ ማሽን መፋቅ ግን ብዙ የሚደረግ ስሕተት ነው፤ ጭረቱ የሚጠፋው በዙሪያው ያለው ቫርኒሽ እስከ ጭረቱ ጥልቀት ድረስ ተፍቆ ስለሚወርድ ነው፤ ከ40 ማይክሮን ውስጥ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ከተወሰደ በአምስተኛው ዓመት የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ ማሰብ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጠጠር መምታቱ አይቀርም። ቀለሙ ተፈንቅሎ ላሜራው የታየበት ነጥብ በየጊዜው ሊፈለግ ይገባል፤ ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፣ ሊዘገይ ይችላል፤ ኮፋኖው፣ በሩና የጣሪያው ፊት ግን አይዘገዩም። ነጥቡ ታጥቦ፣ ዝገት ከጀመረው በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ተነክቶ፣ በአልኮል ተጠርጎ፣ መደብ በትንሽ ብሩሽ ጠብ ይደረግበታል፤ ሲደርቅም በመኪናው የቀለም ቁጥር የተቀመመ ቀለም፣ ከዚያም ቫርኒሽ ይነካዋል። የቀለሙ ቁጥር በአብዛኛው መኪና በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም በኮፋኖው ሥር በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ከቅርብ ለሚያየው ነጥቡ መታየቱ አይቀርም፤ ውሃ ግን አይገባበትም። ይህን ሥራ ግንቦት ሳያልቅ መጨረስ ነው፤ ሰኔ ገብቶ የጉና ደመና ከወረደ በኋላ ላሜራው በቅጡ የሚደርቅበት ቀን አይገኝም፤ በእርጥብ ላሜራ ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ዝገቱን ከውስጥ ዘግቶበት እስከ መስከረም ያብባል።